ሽማግሌ ሲቆም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ስንት ባልና ሚስት አስታረቅሽ ይለኛል። ቁጥሩን አላውቀውም። ባውቀውም አልናገረውም፤ የታረቀ ሰውና የተረታ ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸውና። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ እግዜር ይስጥልን ብለው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ነው የሚወጡት። ልዩነቱን የማውቅ መስሎኝ ኖርኩ። ዛሬ ጎረቤቴን በስሙ በማላውቅበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያጽናናኝ አይደለም። ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው እያለቀ ስለሆነ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው። ግድግዳችን ጭቃ፣ ጣሪያችን የተያያዘ ስለነበር የአንዱ ቤት ጠብ የሁሉም ነበር። እናቴ ጎረቤት ሲጯጯሁ ስትሰማ ነጠላዋን ደርባ ትነሳለች። አባቴ ደግሞ ምን አገባሽ ሲላት፣ ጨው ልበደር ነው ትለዋለች። ጨው ሳትበደር፣ ሰዎቹን አስቀምጣ፣ ልጆቻቸውን እኛ ቤት ልታሳድር ይዛ ትመለሳለች። ለዚህ ሥራ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው እንዳለ ያወቅሁት የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት የገባሁ ጊዜ ነው። ለእናቴ ስነግራት ሳቋን መግታት አቃታት፤ ጨው ለመበደር ዲፕሎማ ያስፈልጋል እንዴ አለችኝ።

ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከሥላሴ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ቢሮ ነበር። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን የተጣሉ ሰዎች ሲመጡባቸው ራሳቸውን ያማቸዋል። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ብለው ያሰናብቷቸዋል። ሰዎቹ ትክክል መሆናቸው ተነግሯቸው ይወጡና ደረጃው ላይ እንደገና ይጣላሉ። ከዚያ የለቀቅሁት ለደሞዝ ብዬ አይደለም፤ አዲሱ ቦታ እንዲያውም ያነሰ ነበር የሚከፍለኝ። የለቀቅሁት ጋሽ መርሻን አይቼ ነው።

አዲሱ ቢሮ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣ ደረጃው የእንጨት በሆነ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። የሰፈሩ ነባር ነጋዴዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት ትንሽ ማኅበር ነው። ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት እዚያ ይመጣሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመጣል። ጋሽ መርሻ የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ካፖርት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው መኪና ገጭቷቸው ቀኝ ጉልበታቸው በደንብ አይታጠፍም። ከተቀመጡ ለመነሳት፣ ከተነሱም ቆሞ ለመቆየት ይቸገራሉ። ይህን ጉልበት ልብ በሉልኝ።

ሥራውን በንግግር አላስተማሩኝም። ክፍሉ ጥግ አስቀምጠው እዪ አሉኝ። መጀመሪያ ያየሁት አግዳሚ ወንበሩን ነው። ለተጣሉ ሰዎች ሁለት ወንበር ከሰጠሻቸው የመጀመሪያ ሥራቸው ወንበሩን ማራራቅ ነው ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ባልና ሚስቱን አንዲት አጭር አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል። ሁለቱም የሚያዩት እሳቸውን ነው። ቢኮራረፉም ክርናቸው ይነካካል። በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ሁልጊዜ ይከፍቱታል፤ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት የሰውን ለቅሶ እንዲሸፍን። ተከትሎ የመጣ ዘመድ ሁሉ ታች ወዳለው ኬክ ቤት ይላካል። ዘመድ ባለበት ሰው ይፎክራል እንጂ እውነት አይናገርም ይላሉ።

ለምን ተጣላችሁ ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ ማታ በር የሚከፍተው ማነው ይላሉ። ሰዎቹ ግራ ይጋባሉ። ስንት ነገር አዝለው የመጡ ሰዎች ስለ በር ይጠየቃሉ። ከዚያ ሴትየዋ እኔ ነኝ ትላለች። ሲገባ ምን ይላል? ምንም። አንቺስ? እኔም ምንም። በዚህ መንገድ ጠቡ ሳይጠራ ይመጣል። ሁለተኛው ተናጋሪ የራሱን ከመናገሩ በፊት የመጀመሪያው ያለውን መድገም አለበት፤ ካጎደለ እንደገና ይሰማል፣ እንደገና ይደግማል። ትልልቅ ነጋዴዎች ሚስታቸው የተናገረችውን ሁለት ዓረፍተ ነገር መድገም አቅቷቸው ሲያልባቸው አይቻለሁ።

የመጨረሻው ዘዴያቸው መቆም ነበር። በአገራችን ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ አረፍ በሉ ቢባል አይቀመጥም፤ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል። ጋሽ መርሻ ይህን ልማድ ከሰርግ አውጥተው ወደ ጠብ አመጡት። ነገሩ አልሆን ሲል፣ አንዱ ወገን ፍንክች አልልም ሲል፣ የወንበራቸውን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ይነሳሉ። ምንም አይናገሩም። ባልና ሚስቱ አብረው ሊነሱ ሲሉ በእጃቸው ተቀመጡ ይሏቸዋል። ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ያደግንበት ነገር አይደለም፤ አግዳሚዋ እንደ ምጣድ ትፈጃለች። ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጋሽ መርሻ የሚቀመጡት እምቢ ያለው ሰው “ይቀመጡ” ሲላቸው ነው። ያን ቃል ያለ ሰው ተረታ ወይም ታረቀ ማለት ነው። ደንብ ሆኖ አልተጻፈም፤ ግን የማያውቀው አልነበረም።

ሲያምር አምሮ አይቻለሁ። አንድ የታክሲ ሾፌር ሚስቱ የሟች አባቱን ሬዲዮ ስለሸጠችበት ወደ ቤት አልመልሳትም ብሎ ምሎ መጣ። ጋሽ መርሻ ቆሙ። ሾፌሩ ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ መጨረሻ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ጉልበት አየ። ኧረ ይቀመጡ አባባ፣ ለሬዲዮ ብዬ ሰው ልግደል እንዴ አለ። ሚስቱ እያለቀሰች ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ እኔም ጥጌ ላይ ሆኜ ሳቅሁ። ያን ቀን ይህ ሥራ የተባረከ ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰብለ የመጣችው እኔ ከጋሽ መርሻ ጋር ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ባሏ ጌታሁን ወርቅ ሠሪ ነው፤ ሱቁ ከእኛ መስኮት ይታያል። ፒያሳ ላይ ጌቾ ከተባለ የማይዞር የለም። ደንበኛውን በሳቅ ይሸኛል፣ ለለቅሶ ይቀድማል፣ የተጣላ ካየ ይገላግላል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የተባለው ለእሱ ነው። አይጠጣም፣ አይማታም፣ አይሳደብም፣ ቤቱን አያጎድልም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ያኮርፋል። ሚስቱ ከእህቷ ቤት ትንሽ ዘግይታ ከመጣች፣ ወይም እንግዳ ፊት አንድ ነገር ካረመችው፣ ዝም ይላታል። የአንድና የሁለት ቀን አይደለም፤ ዝናቡ ሲጀምር ያኮረፈ ሰው አደይ ሲፈነዳም አይናገርም። የሚፈልገውን የሚያስነግረው በልጃቸው በሜሮን በኩል ነው። ሦስቱም አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው፣ ለእናትሽ ሸሚዜን ንገሪያት ይላል። ልጅቱ ዞር ብላ፣ እማዬ አባዬ ሸሚዙን አለ ትላለች። ያኔ ገና ፊደል እየቆጠረች ነበር።

ሰብለ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለች፤ “ቢመታኝ ቁስሌን አሳያችሁ ነበር። ዝም ያለኝን ምን ብዬ ላሳይ? አንዳንድ ቀን መኖሬን ለማወቅ ብርጭቆ እሰብራለሁ።” የምትፈልገውን ስትጠየቅ ልጇን ይዛ እህቷ ዘንድ መሄድ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ከንብረቱም ከወርቁም ምንም አልፈለገችም።

ጌታሁን በትሕትና መለሰ። አንድ ክፉ ቃል ተናግሬያት አውቃለሁ ወይ፣ እስቲ ትናገር አለ። እውነቱን ነው፤ ተናግሯት አያውቅም። ጋሽ መርሻ የተለመደውን ጠየቁ፤ ማታ በር የሚከፍተው ማነው? ሁለቱም ወደ በሩ አዩ። ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው አናት ላይ ከተቀመጠችው ልጅ የመጣ ቀጭን ድምፅ ሰማን።

“እኔ ነኝ። መቀርቀሪያው ስለማይደርስልኝ በርጩማ አለኝ።”

ዛሬ ያን በርጩማ ሳስብ፣ ሥራችን እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት እላለሁ። የዚያን ዕለት ግን ጋሽ መርሻ ትዳሩ ሊድን እንደሚችል አምነው ነበር። ጌታሁን አልናገርም ያለው ቃል የለም፤ አሻሽላለሁ አለ፣ ይቅርታ አለ፣ መስቀል ልምታ አለ። ሰብለ ግን አልመለስም አለች። ደጋግማ አለች። ጋሽ መርሻ የወንበራቸውን መደገፊያ ያዙ።

ቆሙ። ከውጭ ረዳቶቹ አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ እያሉ ይጮኻሉ። ሰብለ መጀመሪያ መሬት መሬት አየች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ ዝም አልኩ፤ ጋሽ መርሻ ቆመው እኔ ምን እላለሁ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ የካፖርታቸው ጫፍ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ልጅቱ በተገረበበው በር ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ ያን ጉልበት ታያለች። ሰብለ በመጨረሻ “ይቀመጡ አባቴ” አለች፤ የተዋሰውን ዕቃ እንደሚመልስ ሰው በቀዝቃዛ ድምፅ። ጌታሁን ተነስቶ የጋሽ መርሻን ጉልበት ሳመ። ታርቀው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሰብለን ፒያሳ ላይ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። መጀመሪያ ላይ ትስመኛለች፤ ቀስ በቀስ ከሩቅ ራሷን ብቻ ትነቀንቅልኝ ጀመር፤ ከዚያም ወዲያ እያየችኝ እንዳላየችኝ ታልፋለች። ጌታሁን ግን ከሱቁ ወጥቶ፣ እትዬ ንግሥት፣ ቤቴን ያቆማችሁልኝ እናንተ ናችሁ ይለኛል። ሰብለም ዝምታውን ተምራለት ነበር። ያ ቤት አንዱ ሲያኮርፍ ሌላው የሚለማመጥበት መሆኑ ቀርቶ ሁለቱም የሚያኮርፉበት ሆነ፤ ልጅቱም ከሁለት ወገን መልእክት ትሸከማለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ ነቅዞ አይቻለሁ።

አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚነገራት ቃል ቻይ ነው። ወንዱም ወንድ ነህና ቻለው ይባላል። ክፉ ምክር ነው አልልም፤ እኔም ብዙ ችያለሁ። ነገር ግን በሥራዬ ያየኋቸው ጠንካራ ትዳሮች የቻሉት አልነበሩም፤ ደከመኝ መባባል የሚችሉት ነበሩ። ከፋኝ ብሎ ከፋኝ በተባለበት ቀን ማደር የሚችል ሰው ጠንካራ ነው። የተቻለ ነገር የትም አይሄድም፤ አንድ ቦታ ይጠራቀምና ልጅ ላይ ይወርዳል። ይህን ዛሬ አሳምሬ እናገራለሁ። ያኔ ግን ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ጋሽ መርሻ ሥራ ካቆሙ በኋላ ታመው ተኙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ብርቱካን ይዤ ነው፤ ልጃቸው እየላጠች ታቀብላቸዋለች። ሰብለን ያስታውሷት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የባለ በርጩማዋ እናት አሉኝ፤ አልረሷትም። ስለ ቤታቸው ከሰው የምሰማውን ነገርኳቸው። ካፖርታቸውን እንደ ብርድ ልብስ ደርበው ነበር የተኙት፤ እሱን ወደ አንገታቸው ሳቡት።

“የቆምኩት ለትዳሩ ነው ንግሥት” አሉኝ። “ለሴትየዋም ለሰውየውም አይደለም። ለሰው ብዬ የቆምኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።”

ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ ከቃላቸው የወሰድኩት አንድ ነገር ነበር፤ መቆም ስህተት ነው አልኩ። የተናገሩት ግን ያን አልነበረም። ሰው የሚፈልገውን ያህል ነው የሚሰማው።

ከእሳቸው በኋላ የመጣችው ኃላፊ ቤዛዊት የምትባል፣ ሥነ ልቦና የተማረች፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። አግዳሚዋን አውጥታ ሁለት ባለ ትራስ ወንበር አስገባች። ሶፍት አስቀመጠች፣ አበባ አስቀመጠች፣ መስኮቱን ዘጋች። ሰዎቹን ደንበኞቻችን አለቻቸው። ስሜትን በስሙ መጥራት መልመድ አለብን ስትል፣ እኛ ሰፈር በስሙ ከጠራነው ጎረቤት አቤት ይላል ብዬ አሾፍኩባት። ሳቀች፤ የምትስቅ ልጅ ነበረች። ኋላ ኋላ ወደድኳት። ስለ ጌታሁን አንድ ቀን ስሙን ሳልጠራ ስነግራት፣ ዝምታም ዱላ ነው እትዬ፣ ቁስሉ ስለማይታይ ነው እንጂ አለችኝ። ይህን ቃል ያን ጊዜ ለሰብለ የሚሰጣት ሰው ቢኖር ብዬ ተንገበገብኩ። ስለ መቆሙ ስነግራት ደግሞ ፊቷን አጨማደደች። ያ ጫና ነው፣ የሰው ውሳኔ የሰው ነው አለች። እኔም ስህተት ነው እያልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ከጋሽ መርሻ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ቆሜ አውቅ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሜ አላውቅም። ጉልበቴም እየደከመ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተመቸኝ።

ሕንፃው ሊፈርስ ነው ተብሎ ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ፤ ጨው የሚበዳደረው ሰው ሁሉ እያንዳንዱ ወደ ዕጣው ሄደ። እኛ ዕቃ በካርቶን እያሰርን ሳለን ነው አንድ ናሆም የሚባል ወጣት ሚስቱን ይዞ የመጣው። ሚስቱን መጀመሪያ አላወቅኋትም። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው ፈገግ ብላ፣ እትዬ ንግሥት፣ በርጩማዬን ያስታውሳሉ ያለችኝ። ሜሮን ነበረች። ተነስቼ አቅፌ ሳምኳት፤ ቁመቷ ከእኔ በልጧል።

ናሆም ሲናገር ድምፁ ይቆራረጣል። ሚስቱ ካናገረችው ወራት አልፈዋል። በመጀመሪያ ያበሳጫት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ እናቱ ቤት ሄዶ ሳይደውል አደረ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ሰው ላከ፣ አለቀሰ። እሷ አትቆጣም፣ ዕቃ አትወረውርም፣ ምግቡን ታቀርባለች፤ አትናገረውም እንጂ። ይህን ሲል ሜሮን አጠገቡ ተቀምጣ እኔን ታያለች። መልስ እንዳላት ስጠይቃት፣ ይንገሩት፣ የቤቱን ቁልፍ ትቼለት ልሄድ ነው አለችኝ። እሱ እኮ ይሰማሻል አልኳት። ይንገሩት አለች እንደገና። ከፊቴ የተቀመጠችው የሠላሳ ዓመት ሴት ሳትሆን መቀርቀሪያው ያልደረሰላት ልጅ መሰለችኝ፤ ያን ጊዜ መልእክት አድራሽ ነበረች፣ አሁን ደግሞ እኔን መልእክተኛ አደረገችኝ።

ቤዛዊት እንዳስተማረችን ለየብቻ አናገርኳቸው። ሜሮን ብቻችንን ስንሆን በደንብ ታወራለች፤ ትቀልዳለችም። ለምን አታናግሪውም ስላት ግን ቀልዱ ጠፋ። አባቷን ትጠላው እንደነበር፣ እንደ እሱ ላለመሆን ምላ እንደነበር ነገረችኝ። “መናገር እፈልጋለሁ እትዬ” አለችኝ። “ከውስጥ ሆኜ አየዋለሁ፤ ሲያለቅስ አየዋለሁ። አፌ ግን እምቢ ይለኛል። በቆየ ቁጥር ይብስብኛል።” መፋታት ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። አላውቅም አለች። ከዚያ ደግሞ አባባ መርሻ የሉም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ማረፋቸውን ስነግራት፣ እጆቿን ጭኗ መሐል ከተተች።

ናሆምን መልሼ አስገባሁት። ገና ከመቀመጡ፣ እትዬ፣ በሞቴ፣ ይቁሙልኝ አለ። እዚህ ቤት ሽማግሌ ይቆማል ብላ የነገረችው ራሷ ሜሮን ነበረች። ያን አለ፤ በጆሮዬ ሰማሁት፤ አላስተዋልኩትም። ሜሮንን አየኋት። ጉልበቴን እያየች ነበር። ዓይኗን አልነቀለችም። የፈራች መሰለኝ። እናቷ ትዝ አለችኝ፣ የካፖርቱ ጫፍ ትዝ አለኝ፣ ይቀመጡ አባቴ ያለችበት ድምፅ ትዝ አለኝ። ይህችንማ አላስገድዳትም አልኩ በልቤ። የወንበሩን እጀታ በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩና ተቀመጥኩ።

“ሜሮን፣ ውሳኔው ያንቺ ነው” አልኳት። “ብትሄጂም ብትቀሪም እናከብርልሻለን። ማንም አያስገድድሽም።”

ቤዛዊት ከበሩ አጠገብ ሆና ራሷን ነቀነቀችልኝ። ሜሮን ጠበቀች። ለምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም። ትንሽ ቆይታ ቦርሳዋን አነሳች፤ ይንገሩት፣ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው አለችና የእንጨቱን ደረጃ ወረደች። ናሆም ተከትሏት ሮጠ። እኔ የሥራ ዘመኔን ምርጥ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ከእናት ላይ የተወሰደውን ለልጅ የመለስኩ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን ጡረታዬን ተቀበልኩ፤ ቤዛዊት ኬክ አስቆረሰችኝ፤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ባለፈው የበጋ ወራት ለጡረታ ጉዳይ ወደ መሐል ከተማ መጥቼ እግሬ ፒያሳ አደረሰኝ። የእኛ ሕንፃ የነበረበት ሰፊ መንገድ ሆኗል። ዛፍ ተተክሎበታል፣ መብራት ቆሞበታል፤ ያምራል፤ የት ጋ እንዳለቀስን ማሳየት ግን አይቻልም። ከተረፉት ኬክ ቤቶች ወደ አንዱ ስገባ ሰብለን ጥግ ላይ ብቻዋን አየኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። ታልፈኛለች ብዬ ስጠብቅ በእጇ ወንበር አመለከተችኝ። ስንት ዘመን ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ።

ጌታሁን ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ቤት እንደሚውል ነገረችኝ። አሁንም አይነጋገሩም፤ መሐል ሆኖ የሚያቀባብል ልጅ ስለሌለ ጭራሽ ቀርቷል። ሜሮንስ አልኳት። ከናሆም ተለያይታ ከከተማው ዳር ብቻዋን ቤት ተከራይታለች። ስልክ አታነሳም። ናሆም ወራት ሙሉ ተመላልሶ ተስፋ ቆረጠ። እናቷ ሄዳ በሯን ብታንኳኳ አትከፍትም። ጫማዋ በሩ ላይ ነበር አለችኝ ሰብለ፤ ሬዲዮው ሲያወራ ይሰማኛል፤ እማዬ ነኝ፣ ሜሪዬ እማዬ ነኝ አልኳት፤ ሬዲዮውን ቀነሰችው እንጂ አልከፈተችም። ያ ሁሉ ዘመን በር የከፈተች ልጅ።

አስተናጋጁ ማኪያቶዋን አምጥቶ ሄደ። ሰብለ አልነካችውም።

“ዝም ከማለቷ በፊት አንድ ነገር ነግራኛለች” አለችኝ። “እትዬ ንግሥት ዓይናቸው እያየኝ አልተነሱም አለች። ናሆምን ይዛ የመጣችው እርስዎ ይቆማሉ ብላ ነው። ልጄ የመጣችው ይቀመጡ ለማለት ነበር። ሌላ ቃል ቢያቅታት ያ አንዱ ይወጣላት ነበር።”

እንዳላስገድዳት ብዬ ነው አልኳት፤ አንቺን አስቤ ነው አልኳት፤ በአንቺ ላይ የሆነው በእሷ እንዳይሆን ብዬ ነው አልኳት። አዳመጠችኝ። ጋሽ መርሻ ቢሆኑ ያልኩትን ድገሚ ይሏት ነበር፤ እሷ ግን ያልኩትን አልደገመችም።

“ለእኔ ቆማችሁ፣ ለእሷ ተቀመጣችሁ” አለችኝ።

የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ተነሳሁ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት ይኸው ነው። ቆምኩ። ግራ ጉልበቴ ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በየጠረጴዛው የተቀመጡት ወጣቶች ቀና ብለው አዩኝና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። አስተናጋጁ ፈጠን ብሎ መጥቶ፣ ይቀመጡ እማማ፣ የሚፈልጉትን እኔ አመጣልዎታለሁ አለኝ።

ሰብለ ማንኪያውን አነሳችና የቀዘቀዘ ማኪያቶዋን ማማሰል ጀመረች። ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም እንደቆምኩ ነኝ።